ስለ አውቶሞቢላችን ጭቃ መከላከያ

በ2004 ዓ.ም. ነሐሴ 16 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት ዕለት፣ ገና ሳይነጋ እናታችንን በላንድክሩዘር አውቶሞቢላችን አሳፍረን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ትውልድ ደብራቸው ተጓዝን። የኋላው የቀኝ ጎማ ጭቃ መከላከያ ላስቲክ ከአንድ ወር በፊት ተገንጥሎ መውደቁን እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን ሞተሩን የማይነካ ጉድለት ስለ ሆነ ዛሬ ነገ እያልን አቈየነው። ደግሞም ለመልኩ ስንል ከፋብሪካው ልክ የሰፋ ጎማ አግብተንበት ስለ ነበረ፣ ጎማው ከፓራፋንጎው ሁለት ጣት ያህል ወደ ውጭ ወጥቶ፣ በግራ በኩል የቀረው መከላከያ እንኳ በሙሉ አይሸፍነውም ነበር።

አንዲት ትንሽ ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ዋልካው ጎማችንን ያዘው። ነዳጅ ብንጨምር በቦታው ተሽከረከረና በጥርሶቹ መካከል የሞላውን ጭቃ ወደ ኋላ ወረወረው። ከኋላችን አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቅዳሴ ይሄዱ ኖሯል። ወርደን ስናይ ከራስ እስከ እግር ጭቃ ለብሰው ቆመዋል። ይቅርታ ብንለምናቸው «ግድ የለም ልጆቼ፣ ይታጠባል» አሉን። እናታችን ግን «መታጠቡስ ይታጠባል፤ ቍርባኑ ዛሬ ነው እንጂ!» ብለው የራሳቸውን ነጠላ አለበሷቸው፤ ጭቃ የነካውንም በእጃቸው ይዘው አብረዋቸው በእግር ሄዱ። ወደ አዲስ አበባም የተመለሱት በአውቶቡስ ነው። «ይህ መኪና ሳይበጅ አልሳፈርበትም» አሉን።

እኛም በኀፍረት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወርደን ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ወፍራም መከላከያ አስቈረጥን። ይልቁንም የሚጠነክር መስሎን መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው አስረዘምነው። አንድ ሳምንት አልቆየም። ከቦይ ወደ ኋላ ስንወጣ ጎማው ጫፉን ረግጦ ከነቡሎኑ ነቀለው፤ ላሜራውንም ቀደደው። ለካስ ርዝመቱና ድርቀቱ ጠላቱ ኖሯል።

ሁለተኛውን በጥንቃቄ አሠራነው። ላስቲኩ በእጅ ሲያዝ የሚተጣጠፍ፣ ስፋቱም ከጎማው ጥርስ በሁለቱም በኩል አለፍ የሚል ሆነ። ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከፍ አልን፤ መኪናው ተጭኖ ዝቅ ሲል ጎማው እንዳይነካውም ወደ ኋላ አራቅነው። በማርሚታው በኩል ሙቀቱ እንዳያቀልጠው ጥቂት ቀነስን። ቀዳዳው እንዳይሰፋ ከጀርባው ጠፍጣፋ ብረት ደግፎት፣ ከቡሎኑ ሥር ሰፊ ሮንዴላ ገባ፤ ዳዶውም እንዳይዝግ ግራሶ ተቀባ። የሰፋውንም ጎማ ሸጠን በቀድሞው ልክ ተካነው፤ ይህኛው ነገር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሁሉ ይልቅ ከበደን።

በሚከተለው ዓመት፣ በዚያው በፍልሰታ ፍቺ፣ እናታችን እሺ ብለው ተሳፈሩ። ከወንዙ ማዶ ዳገቱን እንደ ወጣን አስቁመውን ወረዱ። ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ተመለሱና የመጣንበትን መንገድ ዳር ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም ምንም ሳይናገሩ ተመልሰው ገቡ።