የጥቅምት 21 መኝታ ቤት

ጥቅምት ሲገባ ደብረ ታቦር ሁለት ዓይነት አየር አላት። ቀን የጠራ ሰማይ፣ ደማቅ ፀሐይ፣ በየማሳው የሚነጣ ገብስ። ማታ ግን ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ በበሩ ስር ሾልኮ አልጋ ላይ ይወጣል። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉና ደግሞ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው እንዲህ ባለ አገር ይመስለኛል። ስለ መኝታ ቤት ጌጥ የሚያወራ ሰው እዚህ ከሙቀት ነው መጀመር ያለበት።

ቨርጂኒያ ያለችው የእህቴ ልጅ ግን ከጨለማ ጀመረች። ለሃሎዊን መኝታ ቤቷን ጎቲክ በሚሉት ስልት ልታሰናዳ አስባ የሰበሰበቻቸውን ፎቶዎች ላከችልኝ፦ ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ ጥቁር መጋረጃ፣ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው የከፋይ አልጋ ልብስ፣ ጠርዙ ወርቅማ የሆነ ትልቅ መስተዋት፣ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ መቅረዝ፣ የደረቀ ጽጌረዳ። «አክስቴ፣ ከአገር ቤት ምን ይጨመርበት ይላሉ?» አለችኝ። እህቴ ፎቶዎቹን አይታ ተቆጣች። «ሰው ሳይሞት ቤቱን ከል ልታለብሰው ነው እንዴ?»

እህቴ እውነት አላት። በኛ ዘንድ ጥቁር የሐዘን ነው፤ ከል የለበሰች ሴት ስትገባ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጥቁር ጨርቅ ብቻውን ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ ገብቶ ያየ ዘመድ ከሰላምታ በፊት «ማን ሞተ?» ይላል። ያው ጥቁር ጨርቅ ግን ዳር ዳሩ በወርቀ ዘቦ ሲጠለፍ ካባ ይሆንና ሙሽራ ይደርበዋል። ሌሊት ማኅሌት ላይ ቆሞ ያየው ሰው ያውቃል፦ ጥቁሩ ከጨለማው ጋር ይዋሐድና ጨርቁ ከነጭራሹ አይታይም፤ የሚታየው በጧፍ ብርሃን የሚንቀሳቀሰው የወርቅ ጥልፍ ብቻ ነው። ሐዘንና ክብር የተለያዩት በዚያች ጠርዝ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይህ ሆነ፦ ጥቁሩን አትተዪው፣ ያለ ጠርዝ ግን አትስቀይው። አንድ ካባ ከአልጋው ራስጌ በኩል ግድግዳው ላይ ይዘርጋ፤ ሌላው ጥቁር ሁሉ ይቅርና ቦታውን ወይን ጠጁ ይያዘው።

ሌላም ጥቁር አለን። ከጥቁር በግ ጠጉር ቀለም ሳይነካው ተፈትሎ የሚሠራው ባና እና በርኖስ። ቀረብ ብላችሁ በፀሐይ ብታዩት ጥቁር ብቻ አይደለም፤ በጉ በሕይወቱ ሳለ ፀሐይ የመታው የጠጉሩ ጫፍ ወደ ቡናማ ያደላል። የፋብሪካ ጥቁር ብርሃኑን ውጦ ዝም ይላል፣ ይህ ግን መልሶ ይተነፍሰዋል። እጅ ሲያርፍበት ይሻክራል፤ ከሥሩ ሲተኙበት ግን ውርጭ አያልፈውም። የሚያምርም የሚያሞቅም ጨለማ ማለት እሱ ነው። ከጎኑ ነጭ ጋቢ ቢታጠፍ ደግሞ ሁለቱ ይደማመቃሉ፤ ፎገራ ውስጥ ያለው የአውራምባ ማኅበረሰብ በሽመናው የታወቀ ስለሆነ ጋቢውን ከዚያ ለማስመጣት አስቤያለሁ።

ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ አንድ ነገር ገረመኝ። ጎንደር ከተማ ግርማዋን በድንጋይ ነው ያስቀመጠችው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ በ1699 እ.ኤ.አ. ቀዳማዊ ኢያሱን ሊያክም መጥቶ ንጉሡን ያያቸው እግሩ ከብር በተሠራ ዙፋን ላይ፣ ወርቅና ሰማያዊ በሚያብረቀርቅበት ጉልላት ሥር እንደነበረ ጽፏል። ደብረ ታቦር ግን ራስ ጉግሣ መቀመጫቸው ካደረጓት ጀምሮ ስንት ታላላቅ ሰዎች ነግሠውባትና ሰፍረውባት የፋሲል ግቢን የመሰለ ቅጥር አላወረሰችንም። ቤቱ እንጨትና ጭቃ፣ ሰፈሩ ድንኳን ነበር። ዕድሏም አይጸናም ነበር፦ ደጃዝማች ውቤ በ1834 ዓ.ም. እዚሁ ራስ አሊን ድል ነሥተው፣ የተማረኩት ድሉን ሲያከብሩ ነው። አፄ ቴዎድሮስም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዋን አቃጥለው ነው የሄዱት። እንዲህ በሚነሣና በሚቃጠል ከተማ የቤት ጌጥ ተጣጥፎ በበቅሎ የሚጫን መሆን ነበረበት፦ ምንጣፍ፣ ሐር፣ ከፋይ፣ ትራስ። የእህቴ ልጅም ተከራይ ናት፤ ግድግዳውን ጥቁር ቀለም ልትቀባ አይፈቀድላትም። ለእሷ የሚሆናት የደብረ ታቦር ብልኃት እንጂ የጎንደር አይደለም። ግድግዳውን ጨርቅ አልብሺው፣ ሲያበቃ አጥፈሽ ሻንጣ ውስጥ ክተቺው አልኳት።

ጎቲክ የሚባለውን የቤት ጌጥ በእንግሊዝ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ሆራስ ዋልፖልም ቢሆን ቤቱን በሙሉ ከድንጋይ አልቀረጸውም። ለንደን አጠገብ ስትሮቤሪ ሂል የተባለ ቤቱን ከ1749 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ሲያስጌጥ፣ የትልቁን አዳራሽ ጣሪያ የድንጋይ ቅስት አስመስሎ ከተቦካ ወረቀት አሠርቶ ወርቅ አስለበጠው፤ ግድግዳውን ደማቅ ቀይ ጨርቅ አለበሰው። በዚያ ቤት ተኝቶ በ1764 እ.ኤ.አ. በደረጃው መደገፊያ ላይ የብረት ጓንት ያጠለቀ ግዙፍ እጅ በሕልሙ አየ፤ ከሕልሙም «የኦትራንቶ ግንብ» የተባለው ልቦለዱ ተወለደ። በወረቀትና በጨርቅ የተሠራ ክፍል ለሰው እስከዚያ ድረስ ሕልም ማሳየት ከቻለ፣ ኪራይ ቤት ምን ያንሰዋል?

አሁን ወደ ብርሃኑ ልምጣ፣ ከሁሉ የሚበልጥብኝ እሱ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለ አምፖል የመኝታ ቤትን ውበት ሁሉ ይገድለዋል፤ ሁሉን ነገር እኩል ስለሚያሳይ ዐይን የሚፈልገው ነገር አይቀርለትም። በፋርጣ ገጠር አሮጌ ጎጆ ውስጥ ብርሃን የሚመጣው ከታች ነው፤ ከምድጃው። እሳቱ የሰውን አገጭና የጋኑን ሆድ ያበራል፣ ከዚያ ወደ ላይ ሲሄድ እየደከመ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ያልቃል። ማገሩ የብዙ ዓመት ጭስ ጠጥቶ ጥቁርና አብረቅራቂ ሆኗል፤ ነበልባሉ ሲዘል በጥላሸቱ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ልጅ ሆኜ አያቴ ቤት መደብ ላይ ተኝቼ ያን ብልጭታ እያየሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። በብዙ ገንዘብ የተሠራ የሆቴል ክፍል ያን ያህል ጥልቀት ሲኖረው አላየሁም። ለዚህ ነው መብራቱን ከአልጋው ከፍታ አታስበልጪው፣ ምንጩም በቀጥታ አይታይ፣ መስተዋቱ ትይዩ ሆኖ ግማሹን ብርሃን ይመልስ ያልኳት። ማዕዘኖቹ ይጨልሙ። ሀብታም የሚመስል ክፍል መጨረሻው የማይታይ ክፍል ነው።

ሽታውም መረሳት የለበትም። ዕጣን ከመተማ በኩል የሚመጣውን፣ ትንሽ ብቻ፣ ከመኝታ ሰዓት ቀደም ብሎ ይጨስና መጋረጃው ይጠጣው። በንጹሕ ሰም የተሠራ ጧፍ ራሱ የማር ሽታ አለው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ነገር መናገር አለብኝ፣ የምናገረውም ለደብረ ታቦር ተከራዮች ጭምር ነው። ክፍሉን ለማሞቅ ወይም ለዕጣን ተብሎ የከሰል ምድጃ ዘግቶ መተኛት ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው አያውቀውም። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ዕጣኑ ሲያበቃ ይውጣ። የሚነድ ጧፍም ከመጋረጃው ይራቅ፤ የሚያንቀላፋ ሰው በባትሪ የሚሠራውን ሻማ ቢጠቀም ይሻለዋል፣ ውበቱም ብዙ አይቀንስም።

ከፎቶዎቹ ውስጥ አጥብቄ የተቃወምኩት ከአልጋው በላይ የተሰቀለውን የራስ ቅል ነው። ፍርሃትን ስለምጠላ አይደለም። እኛም የፍርሃትና የእሳት ሌሊት አለን፤ ነሐሴ 12 ማታ፣ የቡሄ ዋዜማ። በዓሉ የከተማዋን ስም ይዟል፤ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ሲቆም መንደሩ በጅራፍ ጩኸት ይናወጣል፣ ችቦ ይበራል፣ ልጆች በየደጁ እየዘፈኑ ሙልሙል ይቀበላሉ። ታሪኩም በታቦር ተራራ በበራው ብርሃን ቀኑ የመሸ ሳይመስላቸው የቆዩትን እረኞች ወላጆቻቸው ዳቦና ችቦ ይዘው ሊፈልጓቸው እንደወጡ ይናገራል። በየደጁ እየዞሩ ጣፋጭ የሚለምኑት የአሜሪካ ልጆች ከእነዚህ ሩቅ አይደሉም። ልዩነቱ የፍርሃቱ ቦታ ላይ ነው። ቡሄ ላይ ጨለማው፣ ጅቡ፣ ነጎድጓዱ ውጭ ነው፤ ጅራፉም የሚጮኸው ውጭ ነው። ልጁ ሙልሙሉን ታቅፎ ሲመለስ ቤቱ ከዚያ ሁሉ የሚሸሸግበት ነው። መኝታ ቤት ያን ሥራውን መተው የለበትም።

የጥንት ሠዓሊዎቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሰይጣንንም ክፉዎችንም ይሥላሉ፣ ግን በጎን፣ በአንድ ዐይን። ቅዱሳኑ ናቸው በሁለት ዐይን የሚያዩን። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ በረድፍ ተደርድረው ቁልቁል የሚመለከቱት የመላእክት ፊቶች ናቸው። ተኝቶ ቀና የሚል ሰው ከላይ የሚያገኘው ፊት እንደዚያ ያለ ይሁን። የራስ ቅሉ ከፈለገች በረንዳ ላይ ከዱባው ጋር ይቀመጥ። ዱባውም ቢሆን የመጀመሪያው አይደለም፤ አየርላንዶች ድሮ የሚፈለፍሉት ሥሩ የሚበላ አትክልት ነበር፤ ዱባ ያገኙት አሜሪካ ሲሰደዱ ነው። ስለዚህ ተሰዳጅ በደረሰበት አገር ባገኘው ነገር ወጉን ቢቀጥል የሚያስነቅፈው የለም። የዱባውን ውስጥ ግን አትጣይው፣ ወጥ ይሠራበታል።

ኦክቶበር 31 አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21፣ ወርኃዊው የማርያም ቀን ነው። ይህን ስነግራት የእህቴ ልጅ ደስ አላት፤ እናቷም ትንሽ ለዘብ አለች። የማርያም ዕለት ቤት አሳምሮ ጧፍ ማብራት ማንንም አያስከፋም። ለዚያ ቀን እንዲደርስ ባናውንና ካባውን ወደዚያ ከሚሄድ ሰው ጋር ልኬያለሁ።

«መቼ ላንሣው?» ብላ ጠይቃኛለች። ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት አልኳት። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ከጨረሰ ወዲህ በዚያ ቀን ሰው ሁሉ ቤቱን ጠርጎ ጥራጊውን ያቃጥላል፣ ከተማው በጭስ ይታጠናል። መጋረጃውን ያን ዕለት ታውርድ፣ የደረቀውን ጽጌረዳ ትጣል፣ መስኮቱን ትክፈት። ባናው እስከ ክረምታቸው መጨረሻ አልጋው ላይ ይቆይላት። ካባውን ግን በመጀመሪያው መንገደኛ መልሺ ብያታለሁ፤ ጥር ላይ ሰርግ አለብን።