ጌም በውሰት

በአሜሪካ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጌም ፍለጋ የገባ ሰው መደርደሪያው ላይ የሚያገኘው ባዶ ሣጥን ነው። ሽፋኑ አለ፣ ስሙ አለ፣ የፕሌይስቴሽን ወይም የኒንቴንዶ ምልክቱ አለ፤ ዲስኩ ግን የለም። ዲስኩ ከሠራተኛዋ ጀርባ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሣጥኑን ወስደው ካርድ ሲያሳዩ ነው የሚወጣልዎት። አጠገቡ የዓመቱ ተሸላሚ ልብ ወለድ ያለ ጠባቂ ተቀምጧል። ደራሲዎች አይከፋችሁ፤ ሌባም የራሱ የሥነ ጽሑፍ ሂስ አለው።

*

ጌም ማዋስ በተነሣ ቁጥር የሚሰለቸኝ የተቃዋሚዎቹ ሳይሆን የደጋፊዎቹ ክርክር ነው፦ «ለጌም የመጣ ልጅ መጽሐፍ ይዞ ይወጣል» ይላሉ። ይወጣ ይሆናል። ባዶ እጁንም ይወጣ ይሆናል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ እዚያው አሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች እንዲህ የተከራከሩት ስለ ልብ ወለድ ነበር። አንዱ ወገን በግብር ገንዘብ ሕዝብ ማደንዘዝ ነው ሲል፣ ሌላው ተራ ልብ ወለድ የጀመረ ውሎ አድሮ ወደ ታሪክና ወደ ሳይንስ ያድጋል እያለ ይማጸን ነበር። በ1890ዎቹ የተገኘው መላ ደግሞ ደስ ይላል። አንባቢ በአንድ ጊዜ ሁለት መጽሐፍ እንዲዋስ ተፈቀደለት፤ ሁለተኛው ግን ልብ ወለድ እንዳይሆን። አንዷን ለነፍስህ ደስታ፣ ሌላዋን ለንስሐ እንደማለት ነው።

ዛሬ ልብ ወለድ የሚዋስ ሰው ምክንያት አይጠየቅም። በሚሺጋን ግዛት የአን አርበር ቤተ መጻሕፍት ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጌም ውድድር ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ ቴሌስኮፕም ያውሳል። በቴሌስኮፑ ጨረቃን ያየው ልጅ ከዚያ በኋላ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ተውሶ እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። ጌሙ ላይ ሲደረስ ብቻ ነው የምስክር ወረቀት የሚጠየቀው።

*

የማዋስ መብት ከሰማይ አልወረደም። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1990 የኮምፒውተር ሶፍትዌር ኪራይን የሚከለክል ሕግ ሲያወጣ ሁለት በሮችን ክፍት ተወ። አንደኛው ለኮንሶል ጌሞች ነበር፤ የቪዲዮ ኪራይ ቤቶች በዚያ ገቡ። ሁለተኛው ለትርፍ ላልቆሙ ቤተ መጻሕፍት ነበር፤ የቅጂ መብት ማስጠንቀቂያ ይለጥፉበት እንጂ ያውሱ ተባለ። በሁለቱም በር የሚያሳልፈው አንድ ነገር ነው፦ ዕቃውን የገዛ ሰው የዕቃው ጌታ ነው።

ኒንቴንዶ ይህን አልወደደውም። ሕጉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ብሎክበስተር የተባለውን የቪዲዮ አከራይ ፍርድ ቤት አቁሞት ነበር። ክሱ «ጌሜን አከራየህ» የሚል አልነበረም፤ እሱ አያስከስስምና። «የጌሙን መመሪያ ፎቶ ኮፒ አደረግህ» የሚል ነበር። ብሎክበስተር በ2010 ከሰረ። እነዚያን መደርደሪያዎች የወረሰው ማነው ቢባል፣ ከፊሉን የወረሰው የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ያውም ያለ ኪራይ።

*

የኒንቴንዶ ስዊች የጌም ካርዶች ሕፃናት እንዳይውጧቸው በጣም መራራ በሆነ ኬሚካል ተቀብተዋል። ጣዕሙ ታስቦበት ወደ መደርደሪያ የገባ የውሰት ዕቃ ይኼ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

*

ዋሽንግተን አካባቢ፣ ከከተማ ዳርቻ ቤተ መጻሕፍት በአንዱ የሰማሁት፦

«እማ፣ በነጻ ነው እኮ!»

«በነጻ የሚባል ነገር የለም። ብትጭረውስ?»

«አልጭረውም።»

«ታብሌቱንም አልሰብረውም ብለህ ነበር።»

ሴትዮዋ ፊቴን አይታ አበሻነቴን ለየች መሰለኝ፣ «ወንድሜ፣ ሲዘገይ ስንት ነው የሚቀጡት?» አለችኝ። የመዘግየት ቅጣት በብዙ ከተሞች ቀርቷል፤ ቺካጎ በ2019፣ ሲያትል በ2020 አንሥተውታል። ይኼን ነገርኳት። «ቢጠፋስ?» አለች። ቢጠፋ ዋጋው ይጠየቃል። ሣጥኑን ገልበጥ አድርጋ አየችው፤ በሽፋኑ ላይ ጠመንጃ የደገነ ሰው አለ። ልጁ የዋዛ አልነበረም፣ ወዲያው መልሶ የመኪና እሽቅድምድም ይዞ መጣ።

ለአንድ አዲስ ጌም 70 ዶላር መክፈል ለማይከብደው ቤተሰብ ውሰት ማለት ቁጠባ ነው። ለከበደው ደግሞ በራሱ ላይ የተንጠለጠለ የ70 ዶላር ዕዳ ነው። ስለዚህ ነጻ ነገርን በጣም የሚፈራው በጣም የሚያስፈልገው ሰው ሆኖ ይገኛል። ቅጣት መቅረቱን በእንግሊዝኛ ለጥፎ ማስተዋወቅ ደግሞ፣ በተለይ አማርኛ ተናጋሪ በሞላበት ሰፈር፣ ግማሽ ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ እሽቅድምድሙን ይዘው ሄዱ።

*

ሣጥኑ ጥግ ላይ ያለችው ፊደል የዕድሜ ደረጃ ናት። አሜሪካኖች በ1993 በምክር ቤት ስለ ደም ስለሚረጩ ጌሞች ከተጨቃጨቁ በኋላ፣ ኩባንያዎቹ ራሳቸው በ1994 ያቋቋሙት አካል ነው የሚሰጣት። ሕግ አይደለችም። ካሊፎርኒያ ዓመፅ የበዛበትን ጌም ለልጆች መሸጥ የሚከለክል ሕግ አውጥታ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ጌምም እንደ መጽሐፍና እንደ ቴአትር ሐሳብ የሚገለጽበት ነው ብሎ ሻረው። ከዚያ ወዲህ «ጌም ቤተ መጻሕፍት ምን ያደርጋል?» ለሚል ሰው መልስ የሚሰጡት ዳኞች ናቸው።

*

አዲስ አበባ ላይ ኮንሶል የሌለው ልጅ መፍትሔው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የተሸነፈ ይከፍላል። ከዚያ በፊት ልብ ወለድ የሚያከራዩ ነበሩ፤ ገንዘብ ወይም መታወቂያ አስይዞ መጽሐፉን ወደ ቤት መውሰድ፣ አንብቦ መመለስ። ሕዝቡ የውሰትን አሠራር ያውቀዋል፤ መንግሥት ነው ያላወቀው። ብዙዎቹ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቶቻችን ማንበቢያ አዳራሾች ናቸው፤ ገብተህ ታነባለህ፣ መጽሐፉን እዚያው ትተህ ትወጣለህ። አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2022 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት ስለ ሕንፃው ስፋትና ስለሚይዘው መጽሐፍ ብዛት ብዙ ተወራ። መጽሐፍ ይዞ ስለ መውጣት ግን ብዙም የተወራ አልሰማሁም። ጌም ይዋስ አይዋስ ለማለት እኮ መጀመሪያ ማዋስ ያስፈልጋል።

*

በ2011 ካፕኮም ለኒንቴንዶ 3ዲኤስ ያወጣው አንድ የሬዚደንት ኢቭል ጌም ነበር፤ የተጫዋቹ ውጤት አንዴ ከተመዘገበ ሊጠፋ አይችልም። ካርዱን ከሌላ ሰው የተቀበለ ሁሉ የሌላውን ሰው ድል ይወርሳል። ተጫዋቾች ጮኹ፤ ጌሙን ለሌላ መሸጥና ማዋስ እንዲያስጠላ የታሰበ ነው ብለው ጠረጠሩ። እኔ ግን የተዋስኩት መጽሐፍ ኅዳግ ላይ የማላውቀው ሰው በእርሳስ የጻፈውን ማንበብ ስለምወድ፣ ነገሩ ያን ያህል አላስከፋኝም።

*

በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ፣ የተገዛ ዲስክ ለሌላ ሰው የሚተላለፍበትን መንገድ በእጅጉ የሚያጠብ መመሪያ አብሮ አመጣ። ሶኒ ወዲያው አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። በፕሌይስቴሽን 4 ጌም እንዴት እንደሚዋዋሱ የሚያስተምር ነው። ትምህርቱ ይኸው፦ አንዱ ሰው ዲስኩን ለሌላው ያቀብለዋል፣ ያኛው አመሰግናለሁ ይላል፣ አለቀ። ዓለም ሣቀ። ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ መመሪያውን ሻረ።

በ2020 ያው ሶኒ ዲስክ መክተቻ የሌለው ፕሌይስቴሽን 5 ይዞ መጣ፤ ዲስክ ከሚቀበለው በ100 ዶላር ረክሶ። ማይክሮሶፍትም እንደዚሁ ዲስክ የማይገባበት ርካሽ ኤክስቦክስ ሸጠ። ያኔ የጮኸ የለም። መብትን በመመሪያ ከመንጠቅ በቅናሽ መግዛት ይቀላል። ርካሹን የሚገዛው ደግሞ ያው መዋስ የሚያስፈልገው ቤተሰብ ነው።

*

ዲስኩ ውስጥስ ምን አለ? የ2015ቱ የቶኒ ሆክ ስኬትቦርድ ጌም አምስተኛው ክፍል በዲስኩ ላይ የነበረው መለማመጃውና መናፈሻ መሥሪያው ብቻ ነው፤ የቀረው በኢንተርኔት ይወርዳል። በ2022 የወጣው የኮል ኦቭ ዱቲ ጌም የፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ የያዘው ከ100 ሜጋባይት በታች ነበር። ጌሙ ራሱ ብዙ አሥር ጊጋባይት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው የመግቢያ ቲኬት ነው።

ቲኬት ደግሞ ትርዒቱ ሲዘጋ ያልቅለታል። ዩቢሶፍት በ2014 ያወጣውን ዘ ክሩ የተባለ የመኪና ጌም ሰርቨሩን በመጋቢት 2024 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ዘጋው። ከዚያ ቀን በኋላ ዲስኩ ጭረት ባይኖረውም አይሠራም። ሮስ ስኮት የተባለ ዩቲዩበር በዚህ ተናዶ የጀመረው ዘመቻ በአውሮፓ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባሰበ። የቤተ መጻሕፍት ሰው እንዲህ ያለውን ዲስክ በምን መዝገብ ያስፍረው? አልጠፋም፣ አልተሰበረም፣ አልተሰረቀም።

*

መጽሐፍም ከዚህ አላመለጠም። ሃርፐርኮሊንስ በ2011 ለቤተ መጻሕፍት የሚሸጠው ኢ-መጽሐፍ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ እንዲያልቅ ወሰነ። ልብ ወለዱና ጌሙ የሚገናኙበት መደርደሪያ በመጨረሻ ተገኘ።

*

የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶዎቹ በገበያ አልተገኙም። በዚህ ምክንያት ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ያላቸውን አሮጌ ጌም ለተመራማሪዎች ከርቀት ማሳየት እንዲፈቀድላቸው ተጠየቀ። የአሜሪካ ቅጂ መብት ቢሮ በጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) አልፈቀደም። ከስጋቶቹ አንዱ፣ ተመራማሪ ነኝ ያለው ሰው በጌሙ ሊዝናና ይችላል የሚል ነው። ሼክስፒርን የሚያጠና ሰው እንዳይሥቅ የሚጠብቅ ዘበኛ ይቀጠር እንደማለት ነው። ጃፓን ግን፣ ጌም ያለ ባለ መብቱ ፈቃድ ማከራየት በማይቻልባት አገር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በሣጥን የሚሸጡ ጌሞችን ከ2000 ጀምሮ በሕግ ይሰበስባል። ፈረንሳይም ትሰበስባለች።

*

የእኛዎቹ ቅኔ ጌምስ የሠሯቸው ኩኩሉና ገበጣ የስልክ ጌሞች ናቸው። ሣጥን የላቸውም፣ ካርድ የላቸውም። ልጁ ስልኩ ላይ ይጭናቸዋል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍታችን ወመዘክር በሕግ ከአሳታሚ ቅጂ መቀበል ይችላል። እነዚህን ግን ምኑን ይዞ ይቀበላቸው?

*

በሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2 ላይ ሁለት ዓይነት ውሰት አለ። የመጀመሪያው «ምናባዊ ካርድ» የሚሉት ነው፤ ከኢንተርኔት የገዙትን ጌም ለሁለት ሳምንት ለሌላ ያውሱታል፣ ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይመለሳል። ሁለት ሳምንቱ ከቤተ መጻሕፍት የተቀዳ ይመስላል። ተዋሹ ግን በቤተሰብነት የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ቤተሰቡም ከስምንት አይበልጥም።

ሁለተኛው ጌሙን ሳይሆን የጌሙን ቁልፍ ብቻ የያዘ ካርድ ነው። ይኼን ቤተ መጻሕፍት ሊያውሰው ይችላል፤ ካርዱ በእጁ ያለ ሰው ይጫወታል። ጌሙን ግን ቤቱ ሄዶ በራሱ ኢንተርኔት ማውረድ አለበት፤ ብዙ ጊጋባይት ነው። ቤቱ ኢንተርኔት የሌለው ሰውስ? ብዙ የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ለዚህም መላ አላቸው፤ ተንቀሳቃሽ የዋይፋይ መሣሪያ ያውሳሉ። ስለዚህ ልጁ ለካርዱ አንድ ወረፋ፣ ለዋይፋዩ ሌላ ወረፋ ይይዛል፤ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ከደረሱለት ይጫወታል።