በድንጋይ የሞተችው ቆቅ፦ አደን ለሚያምራቸው ወንድሞች



ክረምቱ ሲወጣ «ቅዳሜ አደን እንውጣ» የሚሉ ወጣቶች አይጠፉም። አንዱ ወንጭፍ ያበጃል፣ ሌላው ወጥመድ ያጠምዳል። እኛም በዚያ ዕድሜ እንዲሁ ነበርን። ለጀማሪ ምክር ከመስጠታችን በፊት ግን የራሳችንን ጥፋት እንናገር።

ሦስት የአክስትና የአጎት ልጆች ነን፤ ያደግነው ጎንደር፣ አዲስ ዓለም። ሱብሒን ሰግደን የቀሃን ወንዝ እንሻገርና እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት ወዳሠሩበት ወደ ቁስቋም ዳገት እንወጣለን። ከደብሩ ዛፎች ራቅ ካለው ቁጥቋጦ ቆቆቹ ሲጮኹ ይሰማናል።

ቆቅ ንቁ ናት። ሰው ስታይ ቶሎ አትበርም፤ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሽቅብ ትሮጣለች። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ የሚያሳድዳት ጀማሪ ትንፋሹን ጨርሶ ይመለሳል። የእኛም ነገር ብዙ ጊዜ «ቆቅ ወዲያ፣ ምዝግዝግ ወዲህ» ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ድንጋዩ ጭንቅላቷን አገኛት። ሮጠን ስንደርስ አትንቀሳቀስም። ታላቃችን ቢላዋ አወጣና «ቢስሚላህ» ብሎ አንገቷን ቆረጠ። ደሙ እንደ ነገሩ ጠብ ጠብ አለ። ሦስታችንም ተያየን፤ አንዳችንም ግን አልተናገርንም።

ቤት ስንደርስ አያታችን፣ «አርዳችኋታል?» አለች።

«አዎ፣ አርደናታል።»

ወጡ ደረሰ፣ እንጀራው ቀረበ። አያታችን የመጀመሪያውን ጉርሻ ለትንሹ ስትዘረጋለት አለቀሰ። «ሞታ ነው የደረስንባት» አለ። አያታችን ጉርሻውን መለሰችው፣ ወጡን ወስዳ ደፋችው፣ ድስቱን አጠበች። አልመታችንም። «እኔ ላጎርሳችሁ የነበረው የእናንተን ቃል አምኜ ነው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ማታ መድረሳ ሄደን ኡስታዛችንን ጠየቅን። በሱረቱል ማኢዳህ እርም ከተባሉት ውስጥ ታንቆ የሞተና ተደብድቦ የሞተ እንዳሉ ነገረን። ወጥመድ አንቆ ከገደላት የመጀመሪያው ናት፤ የወንጭፍ ድንጋይ ከገደላት ሁለተኛው። ከሞተች በኋላ የሚሳል ቢላዋ ምንም አይለውጥም። ነፍስ እያላት ከደረስንባትና በአላህ ስም ካረድናት ግን ሀላል ናት። ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ) ስለ አደን ሲጠይቁ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የለዩላቸውም ይህንኑ ነው፤ በስለቱ ወግቶ የገደለ ይበላል፣ በጎኑ መትቶ የገደለ አይበላም። የጠመንጃ ጥይት ስለሚበሳ ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች እንደ ስለት ቆጥረውታል።

አሁን ለጀማሪው ምክራችን ይህ ነው።

አንደኛ፣ ሕጉን እወቅ። በሀገራችን ሕግ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። እኛ ልጅ ሆነን ያደረግነውን አንተ አትድገመው። አናቷ ቡናማ፣ ግንባሯ ጥቁር የሆነችው ትልቋ የደጋችን ቆቅ በተፈጥሮ የምትገኘው በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን ጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ወደ ሃዋይ ተወስዳ ረብታለች፤ እዚያ የሚያድኗት ሰዎች እንኳ በፈቃድ፣ በወቅትና በተወሰነ ቁጥር ነው የሚያድኗት። ሀገሯ ላይ እኛ ልናንሳት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ለጨዋታ ነፍስ አታጥፋ። ነፍስ ያለውን ነገር የዒላማ መለማመጃ ማድረግ በዲናችን የተወገዘ ነው። እንቁላል የታቀፈችንና ጫጩት የምታስከትልን ደግሞ ተዋት።

ሦስተኛ፣ ከዒላማህ ጀርባ ያለውን ሳታይ አትወርውር፣ አትተኩስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጠጠር ማስፈንጠርን ሲከለክሉ ጥርስ ይሰብራል፣ ዓይን ያጠፋል ብለዋል። በቁስቋም ዳገት እረኛ አለ፣ እንጨት ለቃሚ አለ፣ ወደ ደብሩ የሚወጡ ጎረቤቶቻችን አሉ።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ያየኸውን ተናገር። አዳኝ ጫካ ውስጥ ሲሆን የሚያየው አላህ ብቻ ነው። ቤት ያለው ሰው የሚበላው ሥጋውን መርምሮ ሳይሆን ቃሉን አምኖ ነው። እኛ «አርደናታል» ስንል ቢላዋው እውነት ነበር፣ ነገሩ ግን ውሸት። ይህ ለአዳኝ ብቻ አይደለም። ሥጋ ቤት የከፈተ፣ ዶሮ አርዶ የሚሸጥ፣ ለድግስ የሚያርድ ወንድም ሁሉ በዚሁ ቃል ላይ ቆሟል። የተጠራጠርከውን «አላውቅም፣ አትብሉት» ማለት ዋጋ ያስከፍልሃል፤ ግን ሰው ያጎረስከውን እርም ከሆዱ መልሰህ ማውጣት አትችልም።

እኛ ከዚያ ቀን በኋላ ወንጭፉን ተውነው። ዛሬም ጠዋት ቀሃን ስንሻገር የቆቆቹ ጩኸት ይሰማናል፤ ቆመን ሰምተናቸው እናልፋለን። ትንሹ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ልጆቹ «አደን ውሰደን» ሲሉት መጀመሪያ የሚነግራቸው ስለዚያች ድስት ነው።

አላህ ሀላሉን በቂያችን፣ ምላሳችንን እውነተኛ ያድርግልን። ወሏሁ አዕለም።