ሻንጣችንንና ነፍሳችንን

ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ስንሳፈር አስተናጋጆቹ የመውጫ በሮችን ያመለክቱናል፤ አብዛኞቻችን ግን አናያቸውም። የእነርሱን ሥራ ምግብና መጠጥ ማደል ብቻ አድርገን ቆጥረነዋልና።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በቶኪዮ ሃኔዳ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን መሬት እንደ ነካ፣ በማኮብኮቢያው ላይ ከነበረ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ በእሳት ተያያዘ። በትንሹ አውሮፕላን ከነበሩት 6 ሰዎች 5ቱ ሞቱ። በትልቁ የነበሩት 379 ነፍሳት ግን ሁሉም ወጡ። የውስጥ መነጋገሪያው ስለ ተበላሸ አስተናጋጆቹ በእጅ የድምፅ ማጉያና በጩኸት አዘዙ፤ እሳቱን በመስኮት አይተው ከ8ቱ በሮች በ3ቱ ብቻ ሕዝቡን አስወጡ። ሻንጣ እንዳይነሣም ከለከሉ። ካፒቴኑ የቀረ ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ በመጨረሻ ወረደ።

እኛስ ብንሆን? በሻንጣችን ከዮርዳኖስ የቀዳነው ውኃ፣ ከጎልጎታ ያበራነው ጧፍ፣ ለእናታችን የገዛነው መስቀል አለ። ይህን ጥሎ መውጣት ከበረከት መለየት ይመስለናል። ነገር ግን ሻንጣ ለማውረድ በጠባቡ መተላለፊያ የቆመ ሰው የሚዘጋው ከኋላው ላለችው አሮጊት፣ ሕፃን ላዘለችውም እናት ነው። ወደ ኋላ ስለ ተመለከተችው ስለ ሎጥ ሚስት ስንት ጊዜ ተማርን! በረከቱን የሰጠን አምላክ ከጧፋችን ይልቅ የወንድማችንን ነፍስ ይሻል።

እንግዲህ ስንመለስ አስተናጋጆቹን ቀና ብለን እንያቸው፤ እስከ መውጫው ያሉትንም ወንበሮች እንቍጠር።