ከደረስጌ ደጃፍ እስከ ቤትዎ መስኮት

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ የሰሜን ተራሮች ፓርክን አቋርጠው፣ ብርዳማውን የቧሂት ማለፊያ ተሻግረው ወደ ጃናሞራ ሲወርዱ መካነ ብርሃንን ያገኛሉ፤ ደረስጌ ማርያም እዚያው አካባቢ ናት። ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡባት ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 1847 ዓ.ም. የነገሡት ድል ያደረጓቸው ካሣ ናቸው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው።

ታሪኩን ፍለጋ ሄጄ ልቤን የወሰደው ግን አንድ የቤት ደጃፍ ነው። አንዲት እናት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው መሶብ ይሰፋሉ። "ውስጥ አይሻልዎትም?" አልኳቸው። "ልጄ፣ ስፌት በጨለማ ዓይን ይበላል" አሉኝ።

እናቴ ትዝ አለችኝ። ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ "ዓይኔ ደከመ" ብላ ወስፌዋን አስቀምጣለች። እኛም እርጅና ነው ብለን ትተነው ነበር። ስመለስ መነጽሯን አሳደስን፤ ወንበሯንም ወደ መስኮቱ አስጠጋን።

እርስዎም ቤት ውስጥ የሚሰፋ ካለ ይሞክሩት። በቀኝ እጅ ለሚሰፋ ብርሃኑ ከግራ ይምጣ፤ የእጅ ጥላ ስፌቱ ላይ አያርፍም። ለማታ አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት በቂ ነው፤ እጅ ላይ እንጂ ዓይን ላይ አያብሩት። ባለቀለሙ አክርማ ጎልቶ እንዲታይ ጭን ላይ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ። ስንደዶው፣ ወስፌውና አክርማ ማለስለሻው ውሃ እጅ የሚደርስበት ይሁኑ።

እናቴ አንዲት ሙዳይ ጨርሳለች። ትንሽ ጠመም ብላለች። ልጄ ግን ሁለተኛ ወንበር መስኮቱ ሥር አስጠግታለች።