ያልነካሁት የመሰለኝ ክር

የንባብ ክፍል፦ መዝሙር 19፥12-14



ጊታር የጀመርኩት በወጣትነቴ፣ በመዘምራን ውስጥ ነው። ከሥነ መለኮት ኮሌጅ ከተመረቅሁ በኋላ ግን የአገልግሎት ሩጫ ከጊታሬ አራራቀኝ። አምና ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ሚዲ ጊታር ሲሰጠኝ፣ ለዓመታት በደብተሬ የቆዩትን ዝማሬዎች ቤቴ ቁጭ ብዬ ልቀዳ ተነሣሁ።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ይፋ የሆነ፣ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች የሚግባቡበት ቋንቋ ነው። በገመዱ የሚያልፈው ድምፅ ሳይሆን መረጃ ነው፤ የትኛው ኖታ ተመታ? መቼ? በምን ያህል ኃይል? ኃይሉ ከ1 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይለካል። ድምፁን የሚሰጠው ሶፍትዌሩ ነው፤ ስለዚህ ጊታር እየመታችሁ ፒያኖ ወይም ዋሽንት ልታሰሙ ትችላላችሁ። በጊታሩ ላይ ያለው መቀበያ ስድስቱን ክሮች ለየብቻ ያዳምጣል። ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚርገበገብ፣ መሣሪያው ኖታውን እስኪለይ ጥቂት ይዘገያል። ትዕግሥት ይጠይቃል።

በመጀመሪያው ምሽት አንድ ዝማሬ በፒያኖ ድምፅ ቀዳሁ። መልሼ ሳዳምጠው በዜማው መካከል ያልተጫወትኳቸው ኖታዎች ጥልቅ ይላሉ። ገመዱን ቀየርኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ሶፍትዌሩን አማረርኩ። በመጨረሻም ኖታዎቹን ሁሉ ከምቱ ጋር የሚያስተካክለውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ባሰበት! የባዘኑት ኖታዎችም ከትክክለኞቹ ጋር ተሰልፈው ምቱ ላይ ቁጭ አሉ። ስህተቱ ሥርዓት ያዘ እንጂ አልጠፋም።

ልጄ መጥታ ስክሪኑን አየችና፣ «አባዬ፣ እነዚህን ትንንሾቹን አየሃቸው? ኃይላቸው 9፣ 12 ነው። ጣትህን ስታነሣ ሌላውን ክር እየነካህ እኮ ነው» አለችኝ። አልተቀበልኳትም። ቀስ ብዬ ስደግመው ግን እውነቷን ነበር። በተራ ጊታር እንዲህ ያለው ንክኪ በሌላው ድምፅ ተሸፍኖ ያልፋል፤ ይህኛው ግን እንደ ኖታ መዘገበው። ይህን ሁሉ ዓመት ጣቴ እንዲህ ሲያደርግ አላውቅም ነበር።

እዚያው ወንበሬ ላይ አንድ ወጣት ትዝ አለኝ። የመዘምራኖቻችን ጊታር ተጫዋች ነበር። ከሁለት ወር በፊት፣ ከአምልኮ በኋላ፣ በጓደኞቹ ፊት «ሳትለማመድ መድረክ ላይ አትውጣ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ለእኔ ቀላል ቃል ነበረች፤ ከ127 ቢበዛ 9። በእርሱ ልብ ግን ተመዝግባ ነበር። እኔስ ምን አደረግሁ? በቀጣዩ እሑድ ስለ ተግሣጽ ሰበክሁ። ስህተቴን ከምቱ ጋር አስተካከልኩት ማለት ነው።

ዳዊት በዚህ መዝሙር ከሚያውቀው በደል ብቻ ሳይሆን ከማያውቀውም እንዲነጻ ይለምናል። ክፍሉን ደጋግሜ ሰብኬዋለሁ፤ «ስውር» ሲልም ከሰው የተሰወረ ብዬ አስተምር ነበር። ለካ ከራሴም የተሰወረ አለ።

በማግስቱ ደወልኩለት። «ወንድሜ፣ በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ፓስተር፣ ያን ሳምንት እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እሷን ሳስታምም ነው ያልተለማመድኩት። እርስዎ ግን አልጠየቁኝም» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። አብረን ጸለይን። በሰው ፊት የበደልኩትን በሰው ፊት መናዘዝ ስለሚገባኝ ለመዘምራኑም ነገርኳቸው።

ባለፈው እሑድ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ጊታሩን ገና አላነሣም፤ እኔም አላስቸኩለውም። በበኩሌ ክሮቹን በመዳፌ ጠርዝ አፍኜ መጫወት እየተማርኩ ነው።

ወገኔ ሆይ፣ ሳታውቅ የነካኸው ክር ይኖር ይሆን? ከማማረርህ በፊት ጌታን ጠይቀው፤ ቤተሰብህንም ስማ።

ጸሎት፦ ጌታ ሆይ፣ የማላየውን አሳየኝ። ስታሳየኝም እሺ የሚል ልብ ስጠኝ። በኢየሱስ ስም፤ አሜን።