ለጥበቃ የመጣው ቢግል

«ውሻ በበላበት ይጮሃል» ሲባል የኖረ ነው። በጆሃንስበርግ፣ ኬንዚንግተን በሚባለው ሰፈር የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አባት ውሻ ለማምጣት ሲያስብ በልቡ የነበረው ይኸው ተረት ነበር። ሱቁ ያለው ጄፒ ስትሪት፣ ዛሬ ራሂማ ሙሳ ተብሎ በተሰየመው መንገድ ላይ ነው፤ ማለዳ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል። የፈለገው ቤት የሚጠብቅ፣ ሌባ የሚያባርር ውሻ ነበር። የ11 ዓመት ልጁ ግን ከጎረቤት ቤት ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቡናማ ቀለም ያለው ቡችላ ታቅፋ መጣች። ቢግል ነው።

አባት ተቆጣ። ውሻው ሌባ ሊያስፈራ ቀርቶ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰው እንኳ ጅራቱን እየቆላ ተቀበለው።

በውሻው መፍረድ ግን አይገባም። ቢግል እንግሊዞች ጥንቸል ለማደን ያራቡት ዘር ነው። ቁመቱ እስከ ትከሻው ከ33 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ9 እስከ 14 ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ በደንብ ከተያዘ ከ12 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። ሀብቱ አፍንጫው ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቢግሎችን አሰማርተው በመንገደኛ ሻንጣ የተደበቀ ሥጋና ፍራፍሬ ማስፈተሽ ጀመሩ። ቋንጣ በልብስ መሐል የሸሸገ መንገደኛ ከዚህ ውሻ አያመልጥም ማለት ነው።

ቢግል በመንጋ ሲያድን የኖረ ስለሆነ ብቸኝነት አይወድም። ቀኑን ሙሉ ለብቻው ከተተወ እያላዘነ ጎረቤት ይረብሻል፤ አጥር ሥር ቆፍሮ ይወጣል። ሽታ ከያዘ ደግሞ ቢጠሩት አይሰማም። ስለዚህ በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል በማሰሪያ ይዞ ማንሸራሸር ያስፈልጋል። የተንጠለጠለው ጆሮው አየር ስለማያገኝ ቶሎ ይታመማል፤ በየሳምንቱ ገልጦ ማየት ይበጃል። ከሁሉም በላይ ሆዳም ነው፤ ጠገብኩ አይልም።

የዚያ ቤት መከራም የመጣው በዚሁ ነው። ወራት ሲያልፉ አባት ሳያስበው ውሻውን ለመደው፤ ማታ ሲገባ በር ላይ ዘሎ የሚቀበለው እሱ ነበር። የፋሲካ ሰሞን ታዲያ የተረፈውን ዶሮ ወጥ በእንጀራ እያለወሰ ሦስት ቀን አበላው። አገር ቤት ውሻ የሚያድገው በፍርፋሪ አይደለም ወይ?

በአምስተኛው ቀን ውሻው ከተኛበት መነሣት አቃተው። ድዱ ነጣ፣ ሽንቱ ጠቆረ። አባትና ልጅ አቅፈውት ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጡ።

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠረጠረችው በደቡብ አፍሪካ ብዙ ውሻ የሚገድለውንና መዥገር የሚያስተላልፈውን «ቢሊያሪ» የሚባል የደም በሽታ ነው፤ ምልክቱ ተመሳሳይ ነውና። ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። «ምን በላ?» አለች። ልጅቱ ለአባቷ ተረጎመች። አባት አንገቱን ደፍቶ «እኔ ነኝ ወጥ ያበላሁት» አለ። ልጅቱ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና ለሐኪሟ «ወጥ አብልተነዋል» ስትል በእንግሊዝኛ መለሰችላት። ያችን ያህል እንግሊዝኛ አባት አያጣትም። ሰማት።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም ቢደርቅም፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ሊያሳምም ይችላል፤ ለ12 ኪሎ ቢግል 180 ግራም ይበቃል ማለት ነው። ወጣችን ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። መርዙም ወዲያው ሳይሆን ከቀናት በኋላ ስለሚታወቅ ብዙ ሰው ከምግቡ ጋር አያያይዘውም። ቸኮላትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ውሻው ደም ተሰጥቶት በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት ተመለሰ። የሕክምናው ሂሳብ ሱቁን ለጥቂት ሳምንታት አጎደለው።

ውሻ ለሚያስገባ ሁሉ ሌላም ግዴታ አለ። በደቡብ አፍሪካ ሕግ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተብ አለበት፤ መጀመሪያ በሦስት ወሩ፣ ዳግም በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከዚያ በየሦስት ዓመቱ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሽታው ጆሃንስበርግ ከተማ ውስጥ መግባቱን ማስታወስ ይገባል።

ዛሬ አባት ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋል። ጀንበር ሳትጠልቅ ከልጁ ጋር ውሻውን ያንሸራሽራሉ፤ እሱ ስለ አገር ቤት ይነግራታል፣ እሷ እንግሊዝኛውን ታርምለታለች። ሌባ እስከ ዛሬ አልያዘም። ፋሲካ ሲመጣ ግን ከዶሮው ጥቂት ሥጋ አጥንቱ ወጥቶ፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ፣ በትንሽ ድስት ለብቻው ይቀቀልለታል። የሚቀቅለውም አባት ራሱ ነው።